ቃሏን አውቃታለሁ፤ ጥያቄውን ግን ሳትኩት

"ሪላክታንት" የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል አለች። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደብተሩ ላይ ጽፏታል። ከጎኗም "የሚያቅማማ፣ ልቡ ያልፈቀደ" ብሎ ትርጉሟን አስቀምጧል። ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ሳያቅማማ ይነግራችኋል። ፈተና ላይ መጣችለት። ሳታት።

"እንዴ! እኔ እኮ አውቃታለሁ" ይላል ከአዳራሹ ሲወጣ።

አልዋሸም፤ ያውቃታል። ፈተናው ደግሞ "አያውቃትም" ብሎ መዝግቦበታል። እሱም አልዋሸም። ችግሩ ያለው "ማወቅ" የምትለዋ ላይ ነው። ተማሪውና ፈተና አውጪው ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ይመስላቸዋል፤ ግን አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ መግባት አለመግባትን የሚወስን የእንግሊዝኛ ፈተና ቀልድ አይደለም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የመግቢያ ፈተናው የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ክፍል ሲሰጥ፣ ድምፃቸው ተማሪውን እንዳይረብሽ አውሮፕላኖች እንዳይነሱና እንዳያርፉ ይከለከላሉ። እንዲህ በሚፈራ ፈተና ላይ የቃላት ጥያቄ በትክክል ምን እንደሚለካ ግን ለተማሪው ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ጥቂት ነው። የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ "ቃላት አጥና!" ስንት? የትኞቹን? አጥንቼስ ምን ላድርጋቸው? እዚህ ላይ ዝም ይባላል።

የፈታኙ ወንበር ላይ

እስቲ ወንበር እንቀያየር። ፈታኞቹ እኛ ነን። ተማሪው "ሪላክታንት"ን ያውቃት እንደሆነ ማጣራት እንፈልጋለን። ምን ብለን እንጠይቀው?

ቀላሉ መንገድ ቃሏን ብቻዋን አስቀምጦ "በትርጉም የሚቀርባት የቱ ነው?" ማለት ነው። ምርጫዎቹ "አንዊሊንግ"፣ "አንሄልዚ"፣ "አንኖውን" እና "አንላኪ" ይሁኑ። የሸመደደው ተማሪ "አንዊሊንግ"ን ከቦ ያልፋል። አምስት ሰከንድም አይፈጅበትም።

አሁን ትንሽ እናክብደው። "ገንዘቡን ለማበደር ____ ነበረች፤ በመጨረሻ ግን ሰጠችው" የሚል ሐሳብ ያለው የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር እንስጠው። ምርጫው ውስጥ "ሪላክታንት" አለች። አጠገቧ "ሪለቫንት" ተቀምጣለች፤ ሁለቱ በመልክ መንትያ ናቸው። ቃሏን በፊደሏ ቅርጽ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ይንሸራተታል። ሦስተኛዋን ምርጫ "ኤገር" እናድርጋት፤ የጓጓች ማለት ናት። "ግን" የምትለዋን ሳያስተውል በጥድፊያ ያነበበ ልጅ እሷን ይመርጣል። አያችሁ? ጥያቄው የቃል ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ግማሹ የንባብ ጥያቄ ሆነ።

ሦስተኛው መንገድ ቃሏን ራሷን ሰጥቶ "አረፍተ ነገሩ ውስጥ እንድትገባ አድርገህ ለውጣት" ማለት ነው። የሚፈለገው "ሪላክታንትሊ" ወይም "ሪላክታንስ" ነው። ምርጫ የለም፤ ልጁ ራሱ ይጽፋል፣ ፊደሏንም አይስትም። ትርጉሟን እንደ ውኃ የጠጣ ተማሪ እዚህ ባዶ እጁን ሊወጣ ይችላል። ካምብሪጅ "ቢ ቱ ፈርስት" በሚለው ፈተናው ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ 8 ክፍት ቦታ ያለው ራሱን የቻለ ክፍል መድቦለታል።

አራተኛው ምንም አለመስጠት ነው። "ድርሰት ጻፍ" ብለን ዝም እንላለን። "ሪላክታንት" ብቅ ካለች ጥሩ። ካላለች ግን አያውቃትም ማለት አንችልም፤ ምናልባት አላስፈለገችውም። ስለዚህ ድርሰት የሚያርም ሰው አንዲትን ቃል ፍለጋ አይሄድም። ቃላቱ ምን ያህል የተለያዩ ናቸው? ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል ወይስ በግድ ተወትፈዋል? ይህን ነው የሚያየው።

አንድ ቃል ነው፤ ጥያቄው አራት ዓይነት ነው። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው መልኩን ለይታችሁ ስሙ ጠፍቶባችሁ አያውቅም? አይቶ መለየትና ከራስ አውጥቶ መጥራት ሁለት ነገር ነው። የተማሪው ደብተር ያዘጋጀው ለመጀመሪያው ብቻ ነበር።

"በላ" ማለት ምን ማለት ነው?

አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው አስቡ። "በላ" ማለት ምግብ መብላት ነው ብሎ ጻፈ፤ ጨረስኳት አለ። በማግስቱ "ብረቱን ዝገት በላው" ሲባል ሰማ። ቀጥሎ "አደራ በላ"። ቀጥሎ ደግሞ "ቃሉን በላ"። ይህ ሰው "በላ"ን ያውቃታል ወይስ አያውቃትም?

የእንግሊዝኛዋ "ቻርጅ" እንደዚያው ናት። ስልክ ቻርጅ ማድረግ ሁላችንም እናውቃለን። ዋጋ ማስከፈልም ግን "ቻርጅ" ነው። ሰውን በወንጀል መክሰስም "ቻርጅ" ነው። በሬ ቀንዱን ደፍቶ ሲንደረደርም "ቻርጅ" ነው። "ኢን ቻርጅ" ሲባል ደግሞ ኃላፊ መሆን ነው። ጥሩ ፈተና አውጪ የሚወዳት እንዲህ ያለችዋን ቃል ነው። ማንም ሰምቶት የማያውቅ ቃል ከመዝገበ ቃላት ጓዳ ቆፍሮ ማውጣት አያስፈልገውም። የምታውቋትን ቃል በማታውቁት ልብስ ያመጣባችኋል። ምንባብ ሰጥቶ "በ3ኛው አንቀጽ ላይ ያለችው ቃል እዚህ ቦታ ምን ማለት ናት?" የሚለው ጥያቄ ዋና ዘዴው ይህ ነው። ከምርጫዎቹ አንዱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የቃሏ በጣም የታወቀው ትርጉም ነው። ወጥመዱም እሱ ነው።

ከዚህ የባሰ ስውር ጉድጓድ ደግሞ አለ። "ቴሌቪዥኑን ክፈተው" እያልን ስላደግን "ኦፕን ዘ ቲቪ" አፋችን ላይ ይመጣል። እንግሊዝኛ "ተርን ኦን" ነው የሚለው። "ስህተት ሠራሁ" ስለምንልም "ዱ" ትመጣብናለች፤ እንግሊዝኛ ግን ከስህተት ጋር የሚያውለው "ሜክ"ን ነው። "ኦፕን"ንም "ዱ"ንም የማያውቅ ተማሪ የለም። የማያውቀው ቃሎቹ ከማን ጋር እንደሚውሉ ነው። በእኔ እይታ ጎበዝ ተማሪዎች ብዙ ነጥብ የሚጥሉት እዚህ ነው። ምክንያቱም ቃሉን የሚያውቁት ስለሚመስላቸው ፈልገው አያጠኑትም።

ስንት ቃል ይበቃል?

ይህን ጥያቄ ተማሪም ወላጅም ይጠይቃል። ደግነቱ ተመራማሪዎች ቆጥረዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

በመጀመሪያ ግን ምን እንደሚቆጠር እንወቅ። "ሄልፕ"፣ "ሄልፐር"፣ "ሄልፕፉል"፣ "ሄልፕለስ" አራት ቃል ናቸው ወይስ አንድ? ተመራማሪዎቹ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ የቃል ቤተሰብ ይቆጥሯቸዋል። የኒውዚላንዱ ተመራማሪ ፖል ኔሽን በ2006 ባወጡት ጥናት ልብ ወለድና ጋዜጣ ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል ብለዋል። ስሌታቸው አንባቢው ገጹ ላይ ካሉት ቃላት 98 በመቶውን ሊያውቅ ይገባል ከሚል ይነሣል።

98 በመቶ የተጋነነ ይመስላል። ግን በ50 ቃል አንድ የማይታወቅ ቃል ማለት ነው። 95 በመቶ ደግሞ በ20 ቃል አንድ ነው። 300 ቃል ያለው ምንባብ ላይ 6 የማይታወቅ ቃልና 15 የማይታወቅ ቃል ነው ልዩነቱ። "15 ቢሆንስ? ከዐውዱ እገምታለሁ" ትሉ ይሆናል። ይህን 20 ቃል ያለው አረፍተ ነገር እዩት፦

"የከተማው ምክር ቤት ባለፈው ሳምንት ባደረገው ስብሰባ ከአሽከርካሪዎች የቀረበለትን አቤቱታ ካዳመጠና ስለ አዲሱ የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ከተወያየ በኋላ ደንቡን ____።"

ከ20 ቃል 19ኙን ታውቃላችሁ። 95 በመቶ ደርሳችኋል። እሺ፣ ምክር ቤቱ ደንቡን ምን አደረገው? አጸደቀው? ሻረው? አሻሻለው? አገደው? አራቱም ልክ ይመጣሉ። ነገሩ ሁሉ ያለው ደግሞ በዚያች በጠፋችው ቃል ውስጥ ነው። "ከዐውዱ ገምት" የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይወደሳል። ፈታኙ ሆን ብሎ ፍንጭ ሲያስቀምጥ ይሠራል። ተራ ጽሑፍ ግን ፍንጭ የመስጠት ግዴታ የለበትም።

ደግሞ ሁሉም ቃል እኩል አይሠራም። ማይክል ዌስት በ1953 በጽሑፍ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ ወደ 2,000 የሚጠጉ ቃላትን ዝርዝር አውጥተው ነበር። አብዛኛውን የጽሑፍ ገጽ የሚሸፍኑት እንዲህ ያሉት ቃላት ናቸው። ከዚያ በላይ ያለውን በተመለከተ አቨሪል ኮክስኸድ በ2000 የትምህርት ጽሑፎችን መርምረው 570 የቃል ቤተሰብ ለዩ። "አናላይዝ"፣ "ሲግኒፊካንት"፣ "ኮንሲስት" ዓይነቶቹ ናቸው። እነዚህ 570ዎቹ ከመረመሯቸው ጽሑፎች ወደ 10 በመቶ ይሸፍኑ ነበር።

የፈተና ምንባብ በእነዚህ የመሃል ቃላት የተሞላ ነው። እነዚህን ቃላት ደግሞ ማንም አያስተምርም። "ፎቶሲንተሲስ"ን የባዮሎጂ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ሥዕል ስሎ፣ ሁለቴ ደግሞ ያስረዳል። "ሄንስ" ወይም "ሲግኒፊካንት" ግን የእንግሊዝኛ መምህሩ "በሳይንስ ታገኟታላችሁ" ብሎ፣ የሳይንስ መምህሩ "በእንግሊዝኛ ተምራችኋታል" ብሎ ያልፋታል። ሁለቱ ወንበሮች መሃል ትወድቃለች።

ፈተናው ሲቀየር ክፍሉ ይቀየራል

መቶ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የአሜሪካው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ኤስኤቲ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። መጀመሪያ የተሰጠው በ1926 ነው። ለብዙ አሠርት ዓመታት የቃላት ጥያቄዎቹ ቃሉን ከጽሑፍ ነጥለው የሚጠይቁ ነበሩ። ተቃራኒ ፈልግ ይል ነበር። "ይህ ለዚያ እንደሆነ፣ ያኛው ለማን ነው?" የሚል የዝምድና ጥያቄም ነበረው።

ተማሪው ምን አደረገ? ዝርዝር ሸመደደ። ወላጅ ካርድ ገዛ፤ አስጠኚ ቀጠረ። በዕለት ኑሮ የማይነገሩ፣ ከፈተና በኋላ ማንም የማያያቸው ቃላት ሲሸመደዱ ኖሩ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሪቻርድ አትኪንሰን በ2001 ባደረጉት ንግግር፣ አንድ የሀብታም ልጆች የግል ትምህርት ቤት ሄደው የ12 ዓመት ልጆች ለኤስኤቲ የዝምድና ጥያቄ ሲለማመዱ ማየታቸውን ተናግረዋል። ዩኒቨርሲቲያቸው ይህን ፈተና መጠየቁን እንዲተው ሐሳብ ያቀረቡትም ያኔ ነው። የተቃራኒ ጥያቄ ቀድሞ በ1994 ወጥቶ ነበር። የዝምድና ጥያቄው በ2005 ተከተለው። በ2016 ለብቻቸው የሚቆሙት የማሟያ አረፍተ ነገሮችም ቀሩ፤ ቃል በምንባብ ውስጥ ብቻ የሚጠየቅ ሆነ። አሁን በኮምፒውተር የሚሰጠው ፈተና አጫጭር ምንባብ እየሰጠ፣ ከእያንዳንዱ ምንባብ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል።

ሌሎችም በዚያው አቅጣጫ ሄደዋል። ጃፓን በ2021 አዲሱን የጋራ መግቢያ ፈተና ስትጀምር፣ የቃላት አጠራርና ሰዋስው ለብቻ የሚጠየቁባቸውን ክፍሎች አውጥታ ወረቀቱን በሙሉ ንባብ አደረገችው። ጋኦካኦ በሚባለው የቻይና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ደግሞ ከአንድ ታሪክ መሃል ቃላት ይነቀሉና ተማሪው ለእያንዳንዱ ክፍት ቦታ ከአራት ምርጫ አንዱን ይሞላል። ይህ ዘዴ የተወለደው ለሌላ ሥራ ነበር። ዊልሰን ቴይለር በ1953 ያመጣው ጽሑፍ ለአንባቢ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመለካት እንጂ ተማሪ ለመፈተን አልነበረም። የሚለካው ወረቀቱ ነበር፤ ኋላ ላይ ወደ ልጁ ዞረ።

ቃልን በምንባብ ውስጥ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ግን ዋጋ ያስከፍላል። ልጁ ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ ማወቅ ይከብዳል። ቃሉን ስለማያውቅ ነው? ምንባቡ ስላልገባው? ሰዓት ስላለቀበት? የድሮው የተራቆተ ጥያቄ ቢያንስ አንድ ነገር በግልጽ ይነግረን ነበር።

ጥያቄው ራሱ ሲወድቅ

አንድ ጊዜ ለክፍል ፈተና ጥያቄ አወጣሁ። "በ____ ድምፅ ተናገረች" የሚል ነበር፣ በእንግሊዝኛ። መልሱ "ሎው" ነው ብዬ ያዝኩ። ለማሳሳቻ "ሶፍት"ን አስቀመጥኩ። አንዲት ተማሪ መጣችና "ሁለቱም ለምን አይሆኑም?" አለችኝ። ተከራከርኳት። ከዚያ መሃል ላይ ዝም አልኩ። ልክ ነበረች፤ ሁለቱም ይሆናሉ። ከሁለቱ አንዱን ለመረጡ ሁሉ ነጥብ ሰጥቼ ተገላገልኩ። የክፍል ፈተና ስለሆነ ነው እንዲህ በቀላሉ ያለፈው።

ማሳሳቻ መጻፍ ከመልሱ በላይ ያደክማል። ማሳሳቻው ፈጽሞ ስህተት መሆን አለበት፤ ላላወቀ ሰው ግን ልክ መምሰል አለበት። ከተጠየቀው ቃል የከበደም መሆን የለበትም። "ሪላክታንት"ን ለመጠየቅ ከእሷ የባሱ አራት ቃላት ከደረደራችሁ፣ የፈተናችሁት አራቱን እንጂ እሷን አይደለም። ደግሞ ባለ አራት ምርጫ 20 ጥያቄ ቢሰጥ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚከብብ ልጅ በአማካይ 5 ያገኛል። ኤስኤቲ እስከ 2016 ድረስ ለተሳሳተ መልስ ሩብ ነጥብ የሚቀንሰው ለዚህ ነበር።

ከባድ ፈተና የሚያዘጋጁ ሰዎች ጥያቄውን ቀድመው ይሞክሩታል፤ ከዚያ ቁጥር ይሠራሉ። 100 ተማሪ ወሰደው እንበል። በአጠቃላይ ውጤት ከላይ ያሉትን 27 እና ከታች ያሉትን 27 ይለያሉ። አንዱን ጥያቄ ከላይኞቹ 24፣ ከታችኞቹ 9 ልጆች ከመለሱት ጥያቄው ሥራውን ሠርቷል። ከላይኞቹ 8፣ ከታችኞቹ 14 ከመለሱት የሆነ ነገር ተበላሽቷል፤ ብዙ ጊዜም የእኔ ዓይነት ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ከላይኞቹ 27፣ ከታችኞቹም 26 ከመለሱትስ? ጥያቄው ጤነኛ ነው፤ ግን ማንንም ከማንም አይለይም። ይጣላል።

ይህ መጨረሻ ላይ ያለው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። በጣም አስፈላጊዎቹን ቃላት ሁሉም ያውቃቸዋል። ስለዚህ ለመለየት አያገለግሉም፤ ከፈተናው ይወጣሉ። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ላይ የመጡትን ቃላት ለቅሞ "አስፈላጊ ቃላት" ብሎ የሚያጠና ልጅ የሰበሰበው ተማሪን ከተማሪ የለዩ ቃላትን ነው። ለማንበብ የሚያስፈልጉት ሌሎች ናቸው።

ሌላው ጣጣ ፍትሕ ነው። ከኤስኤቲ ጥያቄዎች አንዱ እስከ ዛሬ ይነሣል። "ሯጭ ለማራቶን እንደሆነ" ይልና ከምርጫዎቹ መልሱ "ቀዛፊ ለሬጋታ" ነበር። ሬጋታ የጀልባ እሽቅድድም ነው። ቤተሰቡ ጀልባ የሚቀዝፍ ልጅ ቃሉን በጨዋታ መሃል ሰምቶታል። ሌላው ልጅ የቱንም ያህል አእምሮው ቢፈጥን ከየት ያመጣዋል? ጥያቄው የቃል እውቀት ለካ ወይስ የአባትን ኪስ?

ከወረቀቱ በኋላ

የልምምድ ፈተና ታርሞ ሲመለስ አብዛኛው ተማሪ ውጤቱን አይቶ ያጥፈዋል። ጠቃሚው ነገር ያለው ግን የተሳሳቱት ጥያቄዎች ላይ ነው። የሳታችሁትን እያንዳንዱን የቃል ጥያቄ ያዙና "በምን ሳትኩት?" በሉ። ቃሉን ጨርሶ አላየሁትም? አየሁት፣ ግን ሌላ ትርጉሙን ነው የማውቀው? ትርጉሙን አውቃለሁ፣ አረፍተ ነገሩ ነው ያልገባኝ? ቃሉን አውቃለሁ፣ ቅርጹን መለወጥ አቃተኝ? መድኃኒታቸው ይለያያል። የመጀመሪያው አዲስ ቃል ማጥናት ይፈልጋል። ሌሎቹ ሦስቱ አንድም አዲስ ቃል አይፈልጉም፤ የታወቀውን ደግሞ በሌላ ቦታ ማግኘት ነው የሚፈልጉት። ለዚህ ከንባብ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ንባቡም የሚያታግል ሳይሆን የሚገባችሁ፣ በ50 ቃል አንድ ብቻ የሚጠፋባችሁ ዓይነት ይሁን።

ያ ልጅ ደብተሩ ላይ ያለችውን መስመር እንደገና ጻፋት። አሁን ግማሽ ገጽ ትይዛለች። ከላይ "ሪላክታንት" አለች፤ ከሥሯ "ሪላክታንትሊ" እና "ሪላክታንስ"። "ሪላክታንት ቱ" ካለ በኋላ ግሥ እንደሚመጣ በቀይ አስምሮበታል። ከታች ካነበበው ታሪክ የገለበጠው አንድ አረፍተ ነገር አለ። ከጎኑ ደግሞ "ሪለቫንት አይደለችም!!" ብሎ ጽፏል፤ በሁለት ቃለ አጋኖ።